«መልቲፌሪየስ» «በጣም ብዙ» ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ከማታው ክፍል በኋላ አንዲት ተማሪዬ ስልኳን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄን አንብበውታል?» አለችኝ። ስለ አንድ ብርቅ የእንግሊዝኛ ቅጽል የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ነበር። ቃሉ «መልቲፌሪየስ» (multifarious) ነው። ከጽሑፉ ምሳሌዎች ሦስተኛውን ወስዳ ድርሰቷ ውስጥ አስገብታዋለች። «በመልቲፌሪየስ መኪኖች ምክንያት የከተማው መንገድ ተዘጋግቷል» የሚል ነው። እኔ ደግሞ በቀይ አስምሬበት ነበር። ለምን እንዳሰመርኩበት ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው።

ጽሑፉን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። አምስት ነገር ይላል። ቃሉ «በጣም ብዙ» ማለት ነው። «ኔፌሪየስ» ከሚባለው ክፉ ቃል ጋር የአንድ እናት ልጅ ስለሆነ መጥፎ ጠረን አለው። «ዳይቨርስ» (የተለያየ) በሚባልበት ቦታ ሁሉ ይገባል። የገጣሚዎች ጌጥ ነው፤ ፈተና ላይ ጣል ቢደረግ ግን ነጥብ ያስገኛል። በመጨረሻም በአማርኛ አቻ የለውም፤ አማርኛ የዓይነትን ብዛት የሚገልጽ ቃል ያጥረዋል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ተማሪ ለመርዳት ብለው እንደጻፉት ግን ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ይጥማል። ችግሩ ከአምስቱ ነጥቦች አንዱም ሳይስተካከል ሊታለፍ የማይገባ መሆኑ ነው። ጽሑፉ በተማሪዎቼ መሃል ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ስለሆነ እኔም በጽሑፍ ልመልስ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። አንድ ሲኖትራክ ሙሉ ብሎኬት አስቡ። ብሎኬቱ በጣም ብዙ ነው። አንዱ ግን ከሌላው አይለይም። በእንግሊዝኛ ይህን ክምር ማንም «መልቲፌሪየስ» አይለውም። አሁን ደግሞ መርካቶ አንድ ጥግ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በርበሬ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ጫማ አለ፣ ያገለገለ ጎማ የሚቆርጥ ሰው አለ፣ ሻይ የሚያዞር ልጅ አለ። እዚያ የሚካሄደው ሥራ «መልቲፌሪየስ» ነው። ቃሉ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይጠይቃል። ነገሩ ብዙ መሆን አለበት። ዓይነቱም የተለያየ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ቃሉ አይቆምም።

የተማሪዬ ዓረፍተ ነገር የወደቀው እዚህ ላይ ነው። መንገድ የሚዘጋው በመኪናው ቁጥር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሚኒባስ ቢሆኑም ይዘጋል። «መልቲፌሪየስ መኪኖች» ሲባል እንግሊዝኛ አንባቢ የሚረዳው የመኪናውን ዓይነት መለያየት ነው። ከዚያ «ታዲያ የዓይነቱ መለያየት መንገድን እንዴት ይዘጋል?» ብሎ ግራ ይጋባል። ልጅቷ ያሰበችው ሌላ፣ የጻፈችው ሌላ ሆነ።

ለቁጥር ብቻ የሚሆን ብርቅ ቃል ከተፈለገ እንግሊዝኛ «ሚሪያድ» አለው። ይህ ቃል የመጣው ከግሪክኛ ነው፤ መነሻው አሥር ሺህ ማለት ነው። እኛም በትክክል ይህን የሚያህል ቃል አለን። እልፍ። በግእዝ ቁጥር ፼ ተብሎ የሚጻፈው። እልፍም እንደ «ሚሪያድ» ሁሉ ከአሥር ሺህ ተነስቶ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ወደ ማለት ሄዷል። ጸሐፊው «በጣም ብዙ» ሲሉ በልባቸው የነበረው ምናልባት ይህኛው ቃል ይሆናል።

ሁለቱን ለመለየት ለተማሪዎቼ የማነብላቸው አንድ ጥቅስ አለ። ኤፌሶን ምዕራፍ 3 ቁጥር 10። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔርን ጥበብ እዚህ ላይ «ማኒፎልድ» ይለዋል፤ ይህም በትርጉም የ«መልቲፌሪየስ» የቅርብ ዘመድ ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ምን አሉት? «ብዙ ልዩ ልዩ የእግዚአብሔር ጥበብ» አሉ። «ብዙ» ብቻ አላሉም። «ልዩ ልዩ» ብቻም አላሉም። እንግሊዝኛው ባንድ ቃል የቋጠረውን ፈትተው ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጡት። ቁጥሩን አንዱ ያዘ፣ ዓይነቱን ሌላው ያዘ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

አሁን ወደ ክፉው ጠረን። ጸሐፊው «ኔፌሪየስ» ማለት እርኩስ፣ ወንጀለኛ ማለት ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው። ከዚያ ግን ጭራው አንድ ስለሆነ «መልቲፌሪየስ»ም ያው ነው ብለው ይደመድማሉ። እዚህ ላይ ቃሎቹን መፈታታት ያስፈልጋል።

«ኔፌሪየስ» የመጣው ከላቲኑ «ኔፋስ» ነው። «ፋስ» በመለኮት ሕግ የተፈቀደ ነገር ነው። ፊቱ ላይ ያለው «ኔ» አፍራሽ ነው። ስለዚህ «ኔፋስ» እርም፣ ነውር፣ ያልተፈቀደ ማለት ሆነ። መጨረሻው ላይ ያለው «ስ» ወደ «ር» የተለወጠው በላቲን በሁለት አናባቢ መሃል የገባ «ስ» ብዙ ጊዜ «ር» ስለሚሆን ነው። አበባ «ፍሎስ» ሲሆን፣ የአበባ ለማለት «ፍሎሪስ» የሚባለው በዚሁ ሕግ ነው።

«መልቲፌሪየስ» ግን የተሠራው «ሙልቲፋሪያም» ከሚባል ተውሳከ ግሥ ነው። ትርጉሙ በብዙ ቦታ፣ በብዙ ወገን ማለት ነው። ይህ ቃል ብቻውን አልነበረም፤ ወንድሞች ነበሩት። «ቢፋሪያም» በሁለት ወገን፣ «ትሪፋሪያም» በሦስት ወገን፣ «ኳድሪፋሪያም» በአራት ወገን ይባል ነበር። ሥራው ወገን መቁጠር ነው። በእንግሊዝኛ የዕፅዋት ሳይንስ ዛሬም «ባይፌሪየስ» የሚባል ቃል አለ። በግንዱ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ለተደረደሩ ቅጠሎች ይነገራል። ቅጠል መደርደር ውስጥ ምን ክፋት አለ?

የ«ፋሪያም»ን ሥር ከ«ፋስ» ጋር የሚያገናኙ የቋንቋ አጥኚዎች መኖራቸው እውነት ነው። ይሁን ብንል እንኳ የጸሐፊውን ክርክር አይረዳም። «ፋስ» የተፈቀደው ነው። በ«ኔፌሪየስ» ውስጥ ክፋቱን ያመጣው ፊት ላይ ያለው «ኔ» ነው። «መልቲፌሪየስ» ደግሞ «ኔ» የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ማስረጃ ነው። ቩልጌት የሚባለውን ጥንታዊ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታችሁ ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ብትፈልጉ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጀመሪያ ቁጥር የመጀመሪያ ቃል «ሙልቲፋሪያም» ነው። ያ የእንግሊዝኛው ቃል እናት ማለት ነው። በአማርኛችን ይኸው ጥቅስ «ከጥንት ጀምሮ እግዚአብሔር በብዙ ዓይነትና በብዙ ጎዳና ለአባቶቻችን በነቢያት ተናግሮ» ይላል። እርኩስ ጠረን ያለው ቃል ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ለአባቶች የተናገረበትን መንገድ ለመግለጽ ማን ይመርጠው ነበር? «በብዙ ዓይነትና በብዙ ጎዳና» የሚለውን አማርኛ ደግሞ ልብ በሉት። ጎዳና የሚለው ቃል እንዴት ደስ ይላል። ወደዚህ አማርኛ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

ስለ አነባበቡ ባጭሩ። ጽሑፉ «መልቲፋርዩስ» ብሎ ጽፎታል። ኃይሉ የሚያርፈው ሦስተኛው ክፍለ ቃል ላይ ነው። መል-ቲ-ፌ-ሪ-የስ። «ፌ»ን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትሉት ይመጣል።

ሦስተኛው ነጥብ «ዳይቨርስ»ን ተክቶ በየትም ይገባል የሚለው ነው። ትርጉማቸው ይቀራረባል፤ ይህን አልክድም። መዝገበ ቃላትም አንዱን በሌላው ይፈቱታል። ነገር ግን ቃል የሚኖረው ከጎረቤቶቹ ጋር ነው። «ዳይቨርስ» ዛሬ በብዛት ስለ ሰዎች ይነገራል። ስለ ሕዝብ፣ ስለ ክፍል ተማሪዎች፣ ስለ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች። «መልቲፌሪየስ» ከሰው ይልቅ ከሥራ፣ ከኃላፊነት፣ ከፍላጎት፣ ከምክንያት፣ ከመልክ ጋር መዋል ይወዳል። የአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ሥራ ለምሳሌ «መልቲፌሪየስ» ነው። ታዋልዳለች፣ ትከትባለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ መዝገብ ትሞላለች፣ ቤት ለቤት ታስተምራለች። ነርሷን ራሷን ግን «መልቲፌሪየስ» ብሎ መጥራት አይሄድም።

ጎረቤቶቹንም ብንለያቸው ጥሩ ነው። «ቬሪየስ» ተራው ቃል ነው፤ የተለያዩ ማለት ነው፣ ለሦስት ነገርም ይበቃል። «ሚሴሌኒየስ» አንድ ላይ ተጥሎ ያልተለየ ዕቃ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ ቁልፍ፣ ክር፣ ባትሪ፣ ደረሰኝ። «ቬሪጌትድ» ስለ ቀለም ነው፣ ዝንጉርጉር የምንለው። ነብርን ወይም ነጭና አረንጓዴ የተቀላቀለበትን ቅጠል አስቡ። «መልቲፌሪየስ» ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ስፋት ያለው መሆኑ ነው። የነገሩ ገጽ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱም ገጽ የራሱ ጠባይ አለው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ ጻፍኩ። በደብዳቤው ላይ «መልቲፌሪየስ ልምድ አለኝ» አልኩ። ቃሉን ከአንድ ዝርዝር ላይ ሸምድጄው ነበር። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ጠያቂዋ ደብዳቤውን ገልጠው «ምን ምን ዓይነት ልምድ?» አሉኝ። በጨዋ አነጋገር ነው የጠየቁኝ። እኔ የነበረኝ ልምድ ግን አንድ ነው፤ ማስተማር። አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ብዙ ነው፣ ዓይነቱ ግን አንድ ነው። መልስ አጣሁ። ሥራውንም አላገኘሁም። በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ያ ጥያቄ ግን ቃሉን በደንብ አስተማረኝ። «መልቲፌሪየስ» ያለ ሰው ቀጥሎ ለሚመጣው «ምን ምን?» ለሚል ጥያቄ መልስ መያዝ አለበት። ዛሬ ተማሪዎቼን የማዛቸው ይህንኑ ነው። ቃሉን ከጻፋችሁ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት የማይመሳሰሉ ነገሮች ዘርዝሩ። መዘርዘር ካቃታችሁ ቃሉን ሰርዙት።

አራተኛው ነጥብ ሁለት ክፍል አለው። የገጣሚዎች ጌጥ ነው መባሉን መጀመሪያ እንይ። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠንክሮ የሠራበት አንድ ቦታ ፍርድ ቤት ነው። ቻንስሪ በሚባለው፣ በርትዕ ይፈርድ በነበረው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት፣ በኋላም በአሜሪካ ተመሳሳይ ፍርድ ቤቶች፣ «መልቲፌሪየስነት» ራሱን የቻለ የመከላከያ መቃወሚያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ባንድ አቤቱታ ላይ ከአንዱ ጎረቤቱ ጋር ያለውን የድንበር ክርክር ያነሳል። እዚያው ላይ ከሌላ ሰው ጋር ያለውን የብድር ጉዳይ ይጨምራል። ሁለቱ ጉዳዮች አይገናኙም። የድንበሩ ተከሳሽ ተነስቶ «ይህ አቤቱታ መልቲፌሪየስ ነው» ብሎ መቃወም ይችል ነበር። ምክንያቱም በማያውቀው የብድር ክርክር ውስጥ ተጎትቶ ጊዜና ገንዘብ ማውጣት የለበትም። ዳኞች መቃወሚያውን ከተቀበሉት ከሳሹ ጉዳዮቹን እንዲለያያቸው ይገደዳል፣ ወይም አቤቱታው ይወድቃል። በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በ1938 እ.ኤ.አ. አዲስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ወጣ። ደንቡ የተለያዩ ጥያቄዎችን ባንድ ክስ ማቅረብን ስለፈቀደ መቃወሚያው ጉልበቱን አጣ። በሕንድ ፍርድ ቤቶች ግን ቃሉን እስከ ዛሬ ታገኙታላችሁ።

ይህን በዝርዝር ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጸሐፊው መጥፎ ጠረን ያሉት ነገር በእውነት ካለ ያለው እዚህ ነው። በሕግ ቋንቋ «መልቲፌሪየስ» አቤቱታ ጉድለት ያለበት አቤቱታ ነው። ነገር ግን ጉድለቱ ከቃሉ ሥር የመጣ አይደለም። ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ በአንድ መዝገብ ስለሚፈልግ ነው። የማይገናኝ ነገር መደባለቅ ገበያ ላይ ሀብት ነው፤ ክስ ላይ ጥፋት ነው። ቃሉ ያው አንድ ቃል ነው።

ቀጥሎ ፈተና። ጽሑፉ ቃሉን አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ላይ ጣል ማድረግ ውጤት ይጨምራል ይላል። በዚህ ፈተና ሁለተኛው የጽሑፍ ክፍል ላይ ተፈታኙ በ40 ደቂቃ ያህል ቢያንስ 250 ቃል ይጽፋል። ፈታኙ አራት ነገር ያያል፤ ክብደታቸውም እኩል ነው። ጥያቄው መመለሱን፣ ሐሳቡ መያያዙን፣ የቃላት አጠቃቀሙን፣ ሰዋስዉን። ስለዚህ ቃላት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። በዚያ አንድ ውስጥም ቢሆን ብርቅ ቃል መጻፍ ብቻውን አያስመሰግንም። መመዘኛው ቃሉ ከነማን ጋር እንደሚሄድና ለየትኛው ዓይነት ጽሑፍ እንደሚስማማ ተፈታኙ ማወቁን ጭምር ይጠይቃል። «መልቲፌሪየስ መኪኖች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያሳየው ቃሉን አለማወቁን ነው። በቀላሉ «ብዙ መኪና» ቢል ይሻለው ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ፈተና የሚከፍሉበት ብር ከስንት ወር ደሞዝ እንደሚጠራቀም አውቃለሁ። ለዚህ ነው በዚህ ነጥብ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። አማርኛ አቻ የለውም ተባለ።

አለው እንጂ! «ፈርጀ ብዙ»።

ፈርጅ ምን እንደሆነ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ያውቃል። ጋቢ አራት ፈርጅ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ወገን፣ እጥፍ ማለት ነው። ከጨርቁ ተነስቶ የነገር ወገንና ገጽታም ፈርጅ ተባለ። «ጉዳዩ ብዙ ፈርጅ አለው» እንላለን። ከላቲኑ «ሙልቲፋሪያም» ጋር አስተያዩት። ብዙ እና ወገን፣ ፈርጅ እና ብዙ። አሠራሩ አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተገልብጧል። እነሱ «ብዙ»ን ከፊት ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ «ልበ ሙሉ»፣ «እጀ ሰፊ» በምንልበት አሠራር ከኋላ እናደርገዋለን። «ማኒፎልድ» የሚለውም የእንግሊዝኛ ቃል ቢፈታ «ብዙ እጥፍ» ነው፤ ልክ እንደ ጋቢው።

በዚያ ላይ «ፌሪየስ» እና «ፈርጅ» ሲጠሩ ይቀራረባሉ። አንዱ ከሌላው አልመጣም፤ የድምፅ ገጠመኝ ብቻ ነው። ለማስታወስ ግን ምን የመሰለ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ካልኩበት ቀን ጀምሮ የቃሉን ትርጉም የረሳ ተማሪ አላየሁም።

«ዘርፈ ብዙ»ም አለ፤ የምንሰማው እንዲያውም እሱን ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በመንግሥትና በድርጅት ጽሑፍ «ዘርፍ» ሲባል የግብርና ዘርፍ፣ የጤና ዘርፍ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ «ዘርፈ ብዙ ፕሮግራም» ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሳተፉበት ማለት ሊሆን ይችላል። ያን «መልቲፌሪየስ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። ተርጓሚ ከሆናችሁ መጀመሪያ የትኛው ዘርፍ እንደሆነ ጠይቁ። «ፈርጀ ብዙ» ይህ ችግር የለበትም።

አማርኛ የዓይነትን ብዛት በድግግሞሽም ይሠራዋል። «ልዩ» አንድ ነው፣ «ልዩ ልዩ» ደግሞ የዓይነት መዓት ነው። «ዓይነት በዓይነቱ» ሲባልም ገበያው፣ ማዕዱ፣ ልብሱ ሁሉ በዓይን ይመጣል። ቀለማት ተስማምተው ሲኖሩ «ኅብር» አለን። የዮሴፍ ቀሚስ «በብዙ ኅብር ያጌጠች» የተባለችው ለዚህ ነው። ሳይስማሙ ሲደባለቁ ደግሞ «ጉራማይሌ» አለን። አንዱ ውበቱን ይናገራል፣ ሌላው መዘበራረቁን። እንዲህ ዓይነት ቋንቋ ቃል አጠረው ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ተማሪው ቃሉን ሲያጣ ጥፋቱ ሁሌም የአማርኛው እየመሰለው ያድጋል። እንግሊዝኛውንም በደንብ የማይዘው ስሜቱን የሚያሳርፍበት የራሱ ቃል ስላልተሰጠው ነው።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ሦስተኛውን ምሳሌ ያርሙልን። «የከተማዋ ችግሮች መልቲፌሪየስ ናቸው» ብለው ይጀምሩት፤ ቀጥለው የመንገዱን፣ የቤት ኪራዩንና የውሃውን ይዘርዝሩ። ተማሪዬ ድርሰቷን በዚህ መልክ አስተካክላ ሐሙስ ማታ ይዛልኝ መጥታለች። በዚህኛው ላይ አላሰመርኩበትም።